ትልቅ መጽሐፍ በትንሽ ገንዘብ፦ ከልብ ወለድ የተወሰዱ ነጻ የዞምቢ ፊልሞች በምን ይመዘናሉ?

ከልብ ወለድ የተወሰደ፣ ከትላልቅ ስቱዲዮዎች ውጪ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ የዞምቢ ፊልም በወጣ ቁጥር ሁለት ቅሬታዎች ይከተሉታል። መጽሐፉን ያነበቡት «የምንወደው ክፍል የት ሄደ?» ይላሉ። ያላነበቡት ደግሞ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ከተሠሩት ፊልሞች ጋር እያስተያዩ «ዞምቢዎቹ የታሉ? ታሪኩ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ሊያልቅ ነው?» ብለው ያዝናሉ። ሁለቱም ወገኖች ፊልሙን የሚመዝኑት በጎደለው ነገር ብቻ ነው። ነገሩ ለምን እንደተተወና በቦታው ምን እንደገባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ፊልሞቹን እርስ በርስ ለማነጻጸር የሚረዳው ጥያቄ ደግሞ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የተወሰኑትን በዚህ መንገድ እንመለከታለን። አነሣሣቸውንና አሠራራቸውን እናወራለን፤ ፍጻሜያቸውን ግን ላላዩት እንተወዋለን።

## ዞምቢ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ዞምቢ መጀመሪያ ሥጋ በል አልነበረም። በሄይቲ ሕዝብ እምነት ዞምቢ ማለት በአስማተኛ ኃይል ከመቃብር ተነሥቶ ያለ ፈቃዱ ለሌላ ሰው የሚለፋ በድን ነው። ፍርሃቱ መበላት አልነበረም፤ ሞትም እንኳ የማያስቀረው ባርነት ነበር። በሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ላይ በባርነት ያለቀ ትውልድ ልጆች እንዲህ ያለ ፍርሃት ቢይዛቸው አያስገርምም። ይህን እምነት በአሜሪካ አንባቢዎች ዘንድ ያስፋፋው ዊልያም ሲብሩክ በ1929 ያሳተመው የሄይቲ የጉዞ መጽሐፍ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የሃልፐሪን ወንድማማቾች ከመጽሐፉ ሐሳብ ተነሥተው፣ ከትላልቅ ስቱዲዮዎች ውጪ፣ በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ቀናት «ኋይት ዞምቢ» የተሰኘውን ፊልም ሠሩ። እንግዲህ በዘርፉ ቀዳሚ የሚባለው ረጅም ፊልም ራሱ አነስተኛ፣ ነጻ እና ከመጽሐፍ የተነሣ ነበር።

ዛሬ የምናውቀው ዞምቢ፣ ማለትም በመንጋ የሚመጣው፣ የሰው ሥጋ የሚበላውና የነከሰውን የራሱ ዓይነት የሚያደርገው፣ የተወለደው በ1968 በጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ «ዞምቢ» የሚለው ቃል አንድም ጊዜ አይነገርም። ስሙን ያወጣለት ሕዝቡ ነው። በዚህ ጽሑፍም ቃሉን ሰፋ አድርገን እንይዘዋለን፤ ሞቶ የተነሣም ሆነ በበሽታ ተይዞ ማንነቱን ያጣ፣ አካሉ ግን የሚንቀሳቀስ ሰው ሁሉ ይገባበታል።

## ነጻ ፊልምና አነስተኛ በጀት አንድ ናቸው?

አይደሉም። «ነጻ» የሚለው የሚያመለክተው የመጨረሻውን ውሳኔ ማን እንደሚሰጥ ነው። ገንዘቡን አውጥቶ ታሪኩን የሚያዝ ትልቅ ስቱዲዮ ከሌለ ፊልሙ ነጻ ነው። በጀት ደግሞ የገንዘቡ መጠን ነው። በተግባር ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ነጻ ፊልም ሠሪ ገንዘቡን ከብዙ ትናንሽ ምንጮች ማሰባሰብ ስላለበት ነው። ከምንጮቹ መካከል የመንግሥት የፊልም ፈንዶች፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ የግል ባለሀብቶችና ቅድመ ሽያጭ ይገኛሉ። ቅድመ ሽያጭ ማለት ፊልሙ ሳይሠራ በፊት በአንድ አገር የማሳየት መብቱን ለአከፋፋይ ሸጦ በገንዘቡ መሥራት ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። በ2016 የወጣው የብሪታንያ ፊልም «ዘ ገርል ዊዝ ኦል ዘ ጊፍትስ» በጠቅላላው 4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጥቶበታል። በ2007 ዊል ስሚዝ የተወነበት «አይ አም ሌጀንድ» 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ በውስጡ ያለው የብሩክሊን ድልድይ ትዕይንት ብቻውን 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወሰደ በወቅቱ ተዘግቧል። የአንዱ ፊልም አንድ ትዕይንት ከሌላው ሙሉ ፊልም ጋር የሚቀራረብ ወጪ አለው ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ፊልሞች በመንጋው ብዛት ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከልብ ወለድ ሲሠራ ሌላም ወጪ ይጨመራል፤ እርሱም የመብት ክፍያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮዲውሰሩ መጽሐፉን ወዲያው አይገዛውም። መጠነኛ ገንዘብ ከፍሎ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ወይም ለአንድ ዓመት ተኩል፣ ማንም ሌላ እንዳይወስደው ያስይዘዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ገንዘብ ካገኘ ሙሉውን ዋጋ ከፍሎ መብቱን ይወስዳል፤ ካላገኘ መብቱ ወደ ደራሲው ይመለሳል። በጣም የታወቁ መጻሕፍት በትላልቅ ስቱዲዮዎች እጅ የሚገቡት፣ ነጻ ፊልም ሠሪዎችም እንግዳና ለመቅረጽ የሚያስቸግሩ ልብ ወለዶችን የሚመርጡት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

## ታዲያ ገንዘብ የሌለው ሰው ለምን ዞምቢን ይመርጣል?

ዞምቢ ርካሽ ስለሆነ ነው። ክንፍ፣ ቀንድ ወይም በኮምፒውተር የሚሠራ አካል አያስፈልገውም። ሰው፣ የተቀደደ ልብስና ሜካፕ ይበቃል። የሮሜሮ ቡድን በፔንስልቬንያ ግዛት በአንድ የገጠር ቤት ዙሪያ፣ በ114 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ወዳጆቹንና የአካባቢውን ሰዎች እያሰለፈ ነው ፊልሙን የሠራው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር የቸኮሌት ሽሮፕ ደም ሆኖ አገልግሏል።

ሌላው ምክንያት ሕጋዊ ነው። የፊልሙ መጀመሪያ ስም ሌላ ነበር። አከፋፋዩ ርእሱን ሲቀይር ከአሮጌው ርእስ ሥር የነበረው የቅጂ መብት ማሳወቂያ አብሮ ጠፋ። በጊዜው የአሜሪካ ሕግ ማሳወቂያ የሌለው ሥራ ጥበቃ አያገኝም ነበር፤ ስለዚህ ፊልሙ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ማንም ያለ ክፍያ ያሳየው፣ ያባዛው፣ ይሸጠው ጀመር። ሠሪዎቹ ብዙ ገንዘብ አጡ፤ ምሳሌው ግን በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ለሠሪዎቹ አሳዛኝ የሆነው ያ ስሕተት ለቀጣዮቹ ድኻ ፊልም ሠሪዎች ሁሉ በር ከፈተ።

ይሁን እንጂ ልብ ወለድ ሲመጣ ርካሽነቱ ያበቃል። ለደራሲ ከተማን ባዶ ማድረግ የአንድ ዓረፍተ ነገር ሥራ ነው። አሥር ሺህ ሬሳ በአውራ ጎዳና ላይ ለማሰለፍ ከቀለም በቀር ወጪ የለበትም። ከዚያም በላይ የዞምቢ ልብ ወለድ ዋና ሀብቱ ብዙውን ጊዜ መንጋው ሳይሆን በሕይወት የተረፈው ሰው ልብ ውስጥ የሚመላለሰው ሐሳብ ነው። ካሜራ ደግሞ ሐሳብን አያይም። ስለዚህ ፊልም ሠሪው ሰፊ ቤቱን ለቆ ወደ አንዲት ክፍል እንደሚዛወር ቤተሰብ ነው፤ ሁሉንም ዕቃ ይዞ መግባት አይችልም፣ ያለ አልጋ ግን ማደር አይቻልም። ጥያቄው የትኛው ዕቃ አልጋው እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው።

## የሁሉም ሥር የሆነው መጽሐፍ የትኛው ነው?

ሪቻርድ ማቲሰን በ1954 ያሳተመው «አይ አም ሌጀንድ» ነው። ታሪኩ ወረርሽኝ የሰውን ዘር ወደ ደም መጣጭነት ከለወጠ በኋላ በሎስ አንጀለስ ብቻውን ስለቀረው ሮበርት ኔቪል ነው። ቀን ቀን የተኙትን እያደነ ይገድላል፤ ማታ ቤቱን ዘግቶ የቀድሞ ጎረቤቱ ከደጅ ሆኖ ስሙን እየጠራ «ውጣ» ሲለው ይሰማል። ፍጡራኑ በስም ቫምፓየሮች ናቸው፤ ሮሜሮ ግን ሐሳቡን ከዚህ መጽሐፍ እንደወሰደ በግልጽ ተናግሯል። የተከበበ ቤት፣ የታሸገ መስኮት፣ በውጪ የቆሙ የሚያውቋቸው ፊቶች፣ ሁሉም ከዚህ የመጡ ናቸው።

መጽሐፉ ራሱ በ1964 «ዘ ላስት ማን ኦን ኧርዝ» ተብሎ በአነስተኛ ገንዘብ በሮም ተቀረጸ። ቪንሰንት ፕራይስ ዋናውን ሰው ሆኖ ተወነ። የአሜሪካዋ ከተማ በጣሊያን ሕንጻዎች ተመሰለች፤ በሙሶሊኒ ዘመን መገንባት የጀመረው የሮም የኢዩአር ሰፈር ሰፋፊ መንገዶችና ነጭ ድንጋዮች የሞተች ከተማ መስለው ቀረቡ። በጽሑፉ ላይ የተሳተፈው ማቲሰን በውጤቱ ስላልተደሰተ በፊልሙ ላይ ስሙን አላስቀመጠም፤ ሎጋን ስዋንሰን በሚል የብዕር ስም ተጠቀመ።

እኔ በዚህ ፊልም ላይ የሚያስደንቀኝ አንድ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ነው። በመጽሐፉ ኔቪል ሳይንቲስት አይደለም። የበሽታውን ምክንያት ለማወቅ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እያመጣ፣ እየተሳሳተ፣ እየሰከረ፣ እንደገና እየጀመረ ራሱን በራሱ ያስተምራል። ብዙ ገጽ የሚወስደው ይህ ትግል የመጽሐፉ ነፍስ ነው። ፊልሙ የሰውየውን ስም ወደ ሞርጋን ቀይሮ ከመጀመሪያው ሳይንቲስት አደረገው። በአንድ የሙያ ለውጥ ያ ሁሉ ገጽ ታጠፈ፤ ወጪው ቀነሰ። ግን ተራው ሰው ብቻውን እውነትን ሲፈልግ የሚሰማን ርኅራኄም አብሮ ሄደ። ሞርጋን በተራኪ ድምፅ ሐሳቡን ይነግረናል፤ ኔቪል ሲያስብ ግን አብረነው እናስባለን። ቦታው በብልሃት የተተካ፣ ሰውየው ግን በርካሽ የተተካ ፊልም ነው።

## ከመጽሐፉ መቁረጡ የተሳካላቸውስ?

«ፖንቲፑል» ከሁሉም ደፋሩ ነው። ካናዳዊው ቶኒ በርጀስ በ1998 ያሳተመው ልብ ወለድ በኦንታሪዮ ግዛት ከሰው ወደ ሰው፣ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘል፣ ሥርዓት የማይገዛው መጽሐፍ ነው። በሽታው የሚተላለፈው በንክሻ ሳይሆን በቋንቋ ነው፤ ቃላት ሲነገሩና ሲገቡን ይይዙናል። ዳይሬክተሩ ብሩስ ማክዶናልድ በ2008 ፊልሙን ሲሠራ ይህን ሁሉ መዝለል ትቶ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ባለ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ዘጋው። በረዶማ ጠዋት ነው። የሬዲዮ አቅራቢው ግራንት ማዚ፣ አዘጋጇና ቴክኒሻኗ በስልክ የሚደርሳቸውን ግራ የሚያጋባ ዜና ለአድማጭ ያስተላልፋሉ። መንጋውን የምናውቀው በአብዛኛው በሚነገረን ነው።

ይህ ከድኽነት የመጣ ማምለጫ ይመስል ይሆናል። ግን አስቡት፤ በሽታው በንግግር የሚተላለፍ ከሆነ ሥራው መናገር ከሆነ ሰው የበለጠ አደገኛ ማን አለ? ሬዲዮ ጣቢያው ገንዘብ ቆጣቢ መድረክ ብቻ አይደለም። የመጽሐፉ ጥያቄ ከየትም ይልቅ የሚከብድበት ቦታ እርሱ ነው። ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ አፉን የሚከፍተው ሰው በዚያው አፉ ሊገድለው ይችላል። ፊልም ሠሪዎቹ አነሣሣቸው ኦርሰን ዌልስ በ1938 በሬዲዮ ባስተላለፈው የማርስ ወረራ ድራማ መሆኑን ተናግረዋል፤ ታሪኩም በካናዳ ብሔራዊ ማሰራጫ በሲቢሲ የሬዲዮ ድራማ ሆኖ ተላልፏል። ከመጽሐፉ ክስተቶች አብዛኞቹ ቀርተዋል፤ የመጽሐፉ ሐሳብ ግን በፊልሙ ይበልጥ ጠርቶ ይታያል ብዬ አምናለሁ።

«ዘ ገርል ዊዝ ኦል ዘ ጊፍትስ» ሌላ መንገድ ነው የመረጠው። ደራሲው ማይክ ኬሪ ልብ ወለዱንና የፊልሙን ጽሑፍ ጎን ለጎን ጽፏቸዋል። መጽሐፉ በ2014፣ ፊልሙ በኮልም ማካርቲ ዳይሬክተርነት በ2016 ወጡ። በሽታው ከፈንገስ የሚመጣ ነው፤ መነሻው በእውን ያለ ነገር ነው። ኦፊዮኮርዲሴፕስ የተባለ የፈንገስ ወገን ጉንዳንን ተቆጣጥሮ ወደ ቅጠል ያስወጣዋል፣ ቅጠሉን እንዲነክስ ያደርገዋል፣ ከዚያም ከጉንዳኑ ራስ ላይ ይበቅላል። ታሪኩ ይህ በሰው ቢደርስስ ብሎ ይጠይቃል። ሜላኒ የተባለች ብሩህ ልጅ በጦር ሰፈር ውስጥ ከወንበር ጋር ታስራ ትማራለች፤ መምህሯን በጣም ትወዳለች፤ ወታደሮቹ ግን ይፈሯታል።

መጽሐፉ በአምስት ሰዎች ዓይን እየተቀያየረ ይተርካል። ፊልሙ ከሜላኒ ጋር ይቀራል። በመጽሐፉ የጦር ሰፈሩን የሚያፈርሱት ከሥርዓት ውጪ የሚኖሩ ዘራፊ ሰዎች ናቸው፤ ፊልሙ እነርሱን ሙሉ በሙሉ አውጥቷቸዋል፣ አጥሩን ጥሰው የሚገቡት በሽተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ይህ ተዋናይና አልባሳት ከመቆጠብ በላይ ሥራ ሠርቷል። ሦስተኛ ወገን ሲጠፋ በመድረኩ ላይ የቀሩት አሮጌው የሰው ዘርና ሜላኒ ብቻ ናቸው፤ ጥያቄውም ዓለም የማን ናት ወደሚል ይጠባል። የባዶዋን ለንደን የአየር ላይ ምስል ደግሞ በኮምፒውተር ከመፍጠር ይልቅ በ1986 ከደረሰው የቼርኖቢል አደጋ በኋላ ሰው አልባ ከሆነችው ከፕሪፒያት በድሮን ቀርጸው አመጡት። በሮም አሜሪካን የመሰለው የ1964ቱ ፊልም ዘዴ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ተመለሰ። እዚህ ግን ምትኩ ከእውነቱ ይበልጣል፤ በሕንጻዎቹ መካከል ያደጉት ዛፎች እውነተኛ ናቸው፣ ሰው ትቷት የሄደች ከተማ ምን እንደምትመስል ያሳያሉ።

ስለ መንጋውም አንድ ነገር ልብ ይሏል። በዚህ ታሪክ በሽተኞቹ ሽታ ወይም ድምፅ እስኪቀሰቅሳቸው ድረስ መንገድ ላይ ደርቀው ይቆማሉ። ሕያዋኑ በመካከላቸው በቀስታ ማለፍ አለባቸው። የቆመ መንጋ ከሚሮጥ መንጋ ለመቅረጽ ይቀላል፤ ፍርሃቱ ግን አይቀንስም።

ሦስተኛው ፈረንሳዊ ነው። ርእሱ በአማርኛ «ሌሊቱ ዓለምን ዋጠ» እንደማለት ነው። ማርተን ፓዥ ፒት አጋርመን በሚል የብዕር ስም በ2012 ካሳተመው ልብ ወለድ ዶሚኒክ ሮሼ በ2018 የሠራው ነው። ሳም የተባለ ወጣት በፓሪስ በአንድ ግብዣ ላይ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲነቃ ግድግዳው ደም ነው፣ ከተማዋ አልቃለች፣ እርሱ በሕንጻው ውስጥ ብቻውን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ምግብ መቁጠር፣ ውኃ ማጠራቀምና ከብቸኝነት ጋር መታገል ነው።

በመጽሐፉ ዋናው ሰው የፍቅር ልብ ወለድ ደራሲ ነው። በፊልሙ ሙዚቀኛ ሆኗል። ከ1964ቱ ለውጥ ጋር አስተያዩት። ደራሲ ሲሠራ ቁጭ ብሎ ይጽፋል፤ ካሜራው የሚያየው ነገር የለም። ሙዚቀኛ ግን ድምፅ ያሰማል፣ ድምፅ ደግሞ ሙታንን ይጠራል። ሳም ከቤት ዕቃ ዜማ ሲፈጥር፣ በመጨረሻም ከበሮ ፊት ሲቀመጥ፣ ሰው ሆኖ ለመቆየት የሚያስፈልገው ነገርና የሚገድለው ነገር አንድ መሆናቸውን ያለ አንድ ቃል እናያለን። ፊልሙ ዞምቢዎቹን ድምፅ አልባ አድርጓቸዋል፤ አያጉረመርሙም፣ አይጮኹም። ይህ ለተመልካች ጆሮ እንግዳ ነው፤ ጸጥታውን የሳም ብቻ ያደርገዋል። በሊፍት ውስጥ ተቆልፎ የቀረው ሽማግሌ ዞምቢ፣ ዴኒ ላቫን የተወነው፣ የሳም ብቸኛ አነጋጋሪ ይሆናል። በልብ ወለድ ውስጥ ለራስ የሚነገር ሐሳብ ይኸው መልስ ለማይሰጥ ሰው የሚነገር ንግግር ሆኖ ወጣ። ከላይ «ካሜራ ሐሳብን አያይም» ላልነው ችግር ካየኋቸው መፍትሔዎች ሁሉ ይህን እመርጣለሁ።

## ዝምታን የመረጠው የኖርዌይ ፊልምስ?

«ሀንድሊንግ ዘ አንዴድ» በ2024 ለሕዝብ ቀርቧል። መነሻው ስዊድናዊው ዮን አይቪዴ ሊንድክቪስት በ2005 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ዳይሬክተሯ ቴአ ቪስተንዳል ታሪኩን ከስቶክሆልም ወደ ኦስሎ አዛውራዋለች፤ ገንዘቡም ከኖርዌይ፣ ከስዊድንና ከግሪክ ተሰባስቧል። መጽሐፉ ሙታን ሲነሡ መንግሥት፣ ሐኪምና ሕዝብ ምን እንደሚያደርጉ በሰፊው ይዘረዝራል። ፊልሙ ያንን ትቶ ሦስት ቤቶች ብቻ ገብቷል፤ የልጁን ልጅ ከመቃብር ያወጣ አያትና የልጁ እናት፣ ወዳጇ የተመለሰችላት አሮጊት፣ ሚስቱ በመኪና አደጋ ሞታ የነቃችበት ባል። የተመለሱት አይናገሩም፣ ብዙም አይንቀሳቀሱም። ጥያቄው እንዴት እንግደላቸው አይደለም፤ እንዴት እንልቀቃቸው ነው።

እዚህ ላይ ግን ፊልሙ የከፈለው ዋጋ አለ። ንግግሩ በጣም ጥቂት ስለሆነ መጽሐፉን ያላነበበ ተመልካች የገጸ ባሕርያቱን ያለፈ ሕይወት ከፊታቸው ብቻ እንዲያነብ ይገደዳል። አንዳንዱ ይህን እንደ ጥልቀት፣ አንዳንዱ እንደ ድርቀት ያየዋል። እኔ ከፊልሙ ጋር ነኝ፤ ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ብዙ አያወራም። ከዋና ተዋናዮቹ አንዱ የሆነው አንደርስ ዳኒየልሰን ሊ በፓሪሱ ፊልም ሳምን የተወነው ሰው መሆኑም ሁለቱን አከታትሎ ለሚያይ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

## ያልተሳካ ምሳሌ አለ?

አለ። እንግሊዛዊው ዴቪድ ሙዲ «ኦተም» የተባለውን ልብ ወለድ በ2001 በኢንተርኔት በነጻ አሰራጭቶ ብዙ አንባቢ አገኘ። ብዙው ሰው በድንገት ይሞታል፤ ከሞቱት ከፊሎቹ ይነሣሉ፤ መጀመሪያ ሕያዋንን ልብ እንኳ አይሉም፣ ቀስ በቀስ ግን ስሜቶቻቸው ይመለሳሉ። አስፈሪነቱ በዚህ ዝግታ ውስጥ ነው። በ2009 በስቲቨን ራምቤሎ ዳይሬክተርነት በካናዳ የተሠራውን ፊልም ብዙ ተቺዎች አልወደዱትም። በእኔ ግምት ችግሩ ከመጽሐፉ መራቁ አይደለም፤ ይልቁን ብዙውን ይዞ ለመጓዝ መሞከሩ ነው። የሞተች ከተማ፣ የተረፉ ሰዎች ስብስብ፣ መከፋፈላቸው፣ ጉዞው፣ የሙታኑ ዝግተኛ ለውጥ፣ ሁሉም እያንዳንዱ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ሁሉንም በትንሹ መስጠት አንዱንም በሚገባ አለመስጠት ሆነ።

## ለመጽሐፉ ታማኝ መሆን እንግዲህ ዋጋ የለውም?

አለው፤ ታማኝነቱ ግን ለክስተቶቹ ሳይሆን ለጥያቄው ነው። መጽሐፍን መተው የድኻ ፊልም ሠሪ ችግር ብቻ እንዳልሆነም «ዎርልድ ዋር ዚ» ያሳያል። የማክስ ብሩክስ የ2006 መጽሐፍ ከዞምቢዎች ጋር ከተደረገ ጦርነት በኋላ ከተለያዩ አገሮች ሰዎች ጋር የተደረጉ ቃለ መጠይቆች ስብስብ ሆኖ የተጻፈ ነው። በ2013 የወጣው ፊልም 190 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ ከመጽሐፉ ያስቀረው ርእሱንና ጥቂት ሐሳቦችን ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ ሳያንሰው ብዙ ድምፆችን ወደ አንድ ጀግና አጠበባቸው።

ሌላ ልብ የሚባል ነገር አለ። ከላይ ካነሣናቸው ፊልሞች ውስጥ በርጀስ፣ ኬሪና ሊንድክቪስት በፊልሞቻቸው ጽሑፍ ላይ ራሳቸው ሠርተዋል። የየራሳቸውን መጽሐፍ በድፍረት የቆረጡትም እነርሱ ናቸው። አንባቢ እንደ ቅዱስ የሚጠብቀውን ገጽ ደራሲው ያለ ርኅራኄ ያወጣዋል፤ መጽሐፉ ለምን እንደተጻፈ ያውቃልና። ጣሊያናዊው ሚኬሌ ሶአቪ ከቲዚያኖ ስክላቪ ልብ ወለድ በ1994 የሠራው «ዴላሞርቴ ዴላሞሬ» ደግሞ ያለ ደራሲው ጽሑፍም እንደሚቻል ያሳያል። ሙታን በሰባተኛው ሌሊት የሚነሡበት መቃብር ጠባቂ ታሪክ ነው፤ ፊልሙ የመጽሐፉን መራራ የተራኪ ድምፅ አጥብቆ ይዞ ሌላውን ለምስሉ ተወው።

## ሁለት ፊልሞችን አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጥ ምን ልጠይቅ?

መጀመሪያ ቦታውን። ታሪኩ የተዘጋበት ቦታ ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ የተመረጠ ነው ወይስ ጥያቄውን ያከብደዋል? ሬዲዮ ጣቢያውን ወደ ምግብ ቤት ብትቀይሩት «ፖንቲፑል» ይፈርሳል። የቦታው ምርጫ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ቀጥሎ ዓይኑን፣ ማለትም ታሪኩን የምናየው ከማን ጋር ሆነን እንደሆነና መጽሐፉ ከዚያ ሰው ውጪ ምን ያህል ያይ እንደነበር። ከዚያ የመንጋውን ባሕርይ። ዝምተኛ፣ የቆመ ወይም የማይታይ መንጋ በጀትን የሚያቀልል መሆኑ ግልጽ ነው፤ ግን ከታሪኩ ሐሳብ ጋር ካልተያያዘ ተመልካቹ የጎደለውን ገንዘብ ያያል። በመጨረሻም የዋናውን ሰው ሙያ፤ ከመጽሐፉ ከተለየ ምክንያቱን ፈልጉ። በዚህ ዘርፍ ከመሣሪያና ከሜካፕ ይልቅ ብዙ የሚናገረው እርሱ ነው።

## መጽሐፉን ላስቀድም ወይስ ፊልሙን?

እንደ መጽሐፉ ይለያያል። «አይ አም ሌጀንድ» አጭር ነው፤ በሁለት ቀን ያልቃል፤ ከየትኛውም ፊልም በፊት ቢነበብ ይሻላል፣ ፍጻሜውን ማንም እንዳያበላሽባችሁ። «ፖንቲፑል» የተገላቢጦሽ ነው፤ መጽሐፉ አስቸጋሪ ስለሆነ ፊልሙ በር ከፍቶ ያስገባል፣ ከዚያ በኋላ የሚገጥማችሁ ልብ ወለድ ግን ፍጹም ሌላ ዓለም ነው። የሜላኒን ታሪክ በየትኛውም ቅደም ተከተል መውሰድ ይቻላል፤ ሁለቱ መንትዮች ሆነው ስለተጻፉ አንዱ ሌላውን አይጎዳም። የሊንድክቪስትን ፊልም ያየ ሰው መንግሥትና ሕዝብ ምን አደረጉ የሚል ጥያቄ ይቀርለታል፤ መልሱ በመጽሐፉ ውስጥ በሰፊው አለ። የፓሪሱን ፊልም ደግሞ በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ተመልከቱት፤ ከታሪኩ ግማሹ ያለው በድምፁ ውስጥ ነው።